ከመፈረምሽ በፊት

የእህቴ ልጅ፣ አዲስ አበባ ገብተሽ የአውሮፕላን ጥገና ልትማሪ መሆኑን እናትሽ ደውላ ነገረችኝ። እዚህ አሶሳ ወሬው ከስልኳ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ “አብራሪ ልትሆን ነው” ይላል። አላረምኳቸውም። አብራሪውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቴክኒሺያን መኖሩ ትዝ የሚላቸው አውሮፕላኑ የቀረ ቀን ነው።

ዕድሜዬን በሃንጋር ጨርሼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከዳኮታ ጀምሮ እስከ ቦይንግ በእጄ አልፏል። መምህሮችሽ ሕጉን ከእኔ አስበልጠው ያስተምሩሻልና እሱን አልደግምም። እኔ የምጽፍልሽ ሕጉ በየት በኩል እንደሚፈተን ነው። ቁጥር የሰጠሁት ተመልሰሽ ስትፈልጊው እንዲቀልሽ ነው እንጂ አንደኛው ከአምስተኛው ይበልጣል ብዬ አይደለም።

1. በረረ ማለት ብቁ ነው ማለት አይደለም።

አውሮፕላን ለበረራ ብቁ ነው የሚባለው ሁለት ነገር ባንድ ላይ ሲያሟላ ነው። አንደኛው፣ ከጸደቀው ንድፉ ጋር መስማማቱ፤ ሁለተኛው፣ አሁን ያለበት ይዞታ ለበረራ የማያሰጋ መሆኑ። ንድፉ የማያውቀው ብሎን የገባበት አውሮፕላን ሃያ ዓመት ያለ ችግር ቢበርም ሃያውንም ዓመት ብቁ አልነበረም። ሁሉ ነገሩ በንድፉ ልክ ሆኖ ጎማው ያለቀበትም እንዲሁ። ሰው ይህን ሲሰማ “ታዲያ እንዴት በረረ?” ይላል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ አውሮፕላን በጣም ብዙ ነገር ጎድሎትም ይበራል፣ የጎደለው ነገር የሚፈለግባት ደቂቃ እስክትመጣ ድረስ።

ማን ይወስናል ብትዪኝ፣ ወደ አሶሳ የሚመላለሰውን ኪው 400 የተባለ አውሮፕላን እንውሰድ። የተነደፈው ካናዳ ነው። ስለዚህ ንድፉን ያጸደቀውም፣ ጉድለት ሲገኝበት መመሪያ አውጥቶ ለሌሎች አገሮች የሚያሳውቀውም የካናዳ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የተመዘገበው ግን እኛ ዘንድ ነው። ስለዚህ የብቁነት ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠውና የሚያግደው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። አየር መንገዱ የጥገና ፕሮግራሙን አዘጋጅቶ ያቀርባል፣ ባለሥልጣኑ መርምሮ ያጸድቃል። የጥገና ድርጅቱ የራሱ ፈቃድ አለው፤ እያንዳንዱ ፈራሚ ቴክኒሺያንም የራሱ ፈቃድ አለው። የዚህ ሁሉ መነሻ በ1944 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቺካጎ ስምምነትና ስለ በረራ ብቁነት የሚደነግገው ስምንተኛው አባሪው ነው። ከካናዳ እስከ አሶሳ የተዘረጋው ይህ ሁሉ ቢሮ መጨረሻው ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ላይ ብዕር ይዞ የቆመ አንድ ሰው ላይ ነው። አንድ ቀን ያ ሰው አንቺ ትሆኛለሽ።

2. ያላየሽውን አትፈርሚ።

ጥገና ካለቀ በኋላ አውሮፕላኑን ወደ ሥራ የሚመልሰው ፊርማ “ሥራው በጸደቀው ማኑዋል መሠረት ተሠርቷል” የሚል ምስክርነት ነው። “ጓደኛዬ ሠርቶታል፣ ጎበዝ ልጅ ነው” ማለት አይደለም። ፈቃዱን ለማግኘት ቢያንስ 18 ዓመት ሊሞላሽ ይገባል፤ ፈቃዱ ላይ በስሙ ያልተጻፈ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ ደግሞ የቱን ያህል ብታውቂው መፈረም አትችዪም።

ለአሥረኛ ጊዜ የምትሠሪው ሥራ ቢሆንም ማኑዋሉን ከፍተሽ ሥሪ። ማኑዋል ይታረማል፤ የአንቺ ትዝታ ግን ባለፈው እትም ላይ እንደቆመ ይቀራል። በጁን 1990 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ በርሚንግሃም የተነሳ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን አየር ላይ ሳለ የአብራሪው የፊት መስኮት ተነቅሎ ወጣ፤ ካፒቴኑም ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ተመዞ የአውሮፕላን አስተናጋጆች እግሩን ይዘውት ነው እስኪያርፉ የቆየው። በተአምር ተረፈ። በዋዜማው ሌሊት መስኮቱ ተቀይሮ ነበር። ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው ቀጠን ያሉ፣ የቀሩት 6ቱ አጠር ያሉ ሆነው ተገኙ። የቀየረው ሰው ጀማሪ አልነበረም፤ የፈረቃው ኃላፊ፣ ብዙ ልምድ ያለው ባለሙያ ነበር። የመለዋወጫ መዝገቡን አይቶ ቁጥሩን ከማመሳከር ይልቅ የወለቀውን ብሎን ይዞ በዓይኑ አመሳሰለ። መጋዘን ያለው ሰው ትክክለኛውን መጠን ነግሮት ነበር፤ አልሰማውም። የውፍረቱ ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይህን ታሪክ ለጀማሪ ሲነግሩት “እኔ እንደዚህ አላደርግም” ይላል። የፈረቃው ኃላፊም ጀማሪ ሳለ እንደዚያ ይል ይሆናል። ለዚህ ነው ሕጉ እንደ በረራ መቆጣጠሪያ ላሉ ወሳኝ ክፍሎች ሠሪውን ብቻውን የማያምነው፤ ሁለተኛ ሰው በራሱ ዓይን አይቶ እንዲፈርም ያስገድዳል። ሁለተኛዋ ፈራሚ የሆንሽ ቀን ወዳጅነትሽን አውልቀሽ ቅረቢ። የታመመን እንደ መጠየቅ አይደለም፤ ስህተት ለማግኘት ነው የምትሄጂው።

3. አሶሳ ላይ “አይሆንም” ማለት ይከብዳል፤ ተዘጋጂበት።

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ የአዲስ አበባ መምህር የማያውቀው ነገር ስለሆነ ነው።

ሃንጋር ውስጥ ስትሆኚ እምቢ ማለት ቀላል ነው። መለዋወጫ ቅርብ ነው፤ ሌላ አውሮፕላን አለ፤ መንገደኛውም አያይሽም። እንደ አሶሳ ያለ ጣቢያ ግን ሃንጋር የለውም። ሐምሌ ነው እንበል፤ ዝናቡ አልለቀቀም። አውሮፕላኑ መጥቶ ሰው አራግፏል፣ ተመላሹ መንገደኛ ተፈትሾ ተቀምጧል። አንዱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀጠሮ ያላት ሕመምተኛ ይዟል፤ አንዷ ከሼርቆሌ ሌሊት ተነስታ የመጣች ናት፤ ነጋዴው ባንክ የሚደርስበት ሰዓት አለው። በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢና በነቀምት አድርጎ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መንገድ ሰላም ሲሆን ራሱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በጸጥታ ችግር የተዘጋባቸውን ጊዜያት አንቺም ታስታውሺያለሽ። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ላንዲንግ ጊሩ ሥር የዘይት ጠብታ ታያለሽ።

መጀመሪያ የምትጠይቂው “ይህ ጉድለት ይዞ መብረር የሚፈቀድበት ነው ወይ?” ብለሽ ነው። መልሱ አንቺ ጋ አይደለም፣ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ማኑዋሉ ለየዓይነቱ ማፍሰስ ልክ አስቀምጧል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚፈቀድ ያለውም አለ፣ ምንም የማይፈቀድበትም አለ። የማይሠራ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ኤም ኢ ኤል የሚባለውን ዝርዝር ትከፍቻለሽ። ዝርዝሩ የትኛው መሣሪያ ሳይሠራ፣ በምን ቅድመ ሁኔታ፣ ለስንት ቀን መብረር እንደሚቻል ይናገራል፤ ምድብ ቢ 3 ቀን፣ ምድብ ሲ 10 ቀን፣ ምድብ ዲ 120 ቀን፣ ጉድለቱ የተመዘገበበት ዕለት ሳይቆጠር። ይህ ዝርዝር የችሮታ መዝገብ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን እንደ ዕዳ ሰነድ ነው የማየው፤ ቀኑ ያልፋል፣ ዕዳው ይጠየቃል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር ሁሉ ደግሞ መሥራት አለበት። በተለይ ክንፍ፣ ሞተር፣ ጎማ የመሳሰሉት እዚያ ስላልተጻፉ “አልተከለከለም” የሚል ብልጥ አይጠፋም። አትስሚው።

መጽሐፉ አይፈቅድም ካለ አውሮፕላኑ ቆመ ማለት ነው። ካፒቴኑ አንቺ ፈርመሽም እምቢ የማለት መብት አለው፤ አንቺ ሳትፈርሚ ግን እሺ ቢልም አይነሳም። የጣቢያው ኃላፊ ይመጣል፣ ስልክ ይመጣል፣ የክልል ሹም ተሳፋሪ ከሆነም እሱም ይመጣል። አታብራሪላቸው፣ አትጨቃጨቂ። “በመጽሐፉ አይፈቀድም፤ ጽፌዋለሁ” በያቸው። ጽፌዋለሁ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያቀዘቅዛል፤ ከዚያ በኋላ “ተይው” የሚልሽ ሰው የተጻፈ ነገር ተይ ማለቱ ስለሚሆን።

አንድ ነገር ደግሞ ይገጥምሻል፤ የአሶሳ ሰው በጣም የሚናደድበት። አንዳንዴ የተበላሸው አውሮፕላን ባዶውን ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መንገደኛው በመስኮት እያየ “ለእኛ ያልሆነ እንዴት ለእሱ ሆነ?” ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አለ። ሕጉ ብቁ ያልሆነን አውሮፕላን ወደሚጠገንበት ቦታ ለማድረስ ብቻ ልዩ የበረራ ፈቃድ የሚባል ነገር አስቀምጧል። ፈቃዱን የሚሰጠው ባለሥልጣኑ ነው፤ የሚሳፈሩት ለበረራው የግድ የሚያስፈልጉ ሠራተኞች ብቻ ናቸው፤ ቅድመ ሁኔታው በዝርዝር ይጻፋል፤ ለዚያች ጉዞ በሰላም መድረስ እንደሚችልም አስቀድሞ ባለሙያ አይቶ ያረጋግጣል። ሠራተኞቹ አደጋውን አውቀው የገቡ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሕመምተኛዋ ግን አላወቀችም፣ አልተጠየቀችምም። ይህን ለመንገደኛው ቆሞ በትዕግሥት የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ግማሹ ቁጣ ይበርዳል። ብዙ ጊዜ ግን የለም፤ በዚህ የአየር መንገድ ሰዎችን ሁሉ እወቅሳለሁ። ቤርታኛ የምትችይ አንቺ ነሽና አስረጂ።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ አንድ ሌሊት አልፈርምም በማለቱ ለወራት መለዋወጫ መጋዘን ተወርውሮ ቆየ። እኛም ባልደረቦቹ ምሳ ሰዓት እየሄድን እናጫውተው ነበር። እምቢ ማለት የሚያስከፍል ነገር ነው፤ አያስከፍልም ብዬ አልዋሽሽም።

4. ሎግ ቡክ ላይ ያልተጻፈ ነገር አልተሠራም።

በኦክቶበር 2018 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ የወደቀውንና 189 ሰው ያለቀበትን የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ምርመራ ስትማሪ ሁሉም ሰው ስለ ኮምፒውተሩ ያወራልሻል። አንቺ ግን የጥገናውን ምዕራፍ አንብቢ። ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ባሊ ላይ በግራ በኩል ያለው ሴንሰር፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣው ነፋስ አንጻር ስንት ዲግሪ እንደተነሳ የሚለካው፣ ተቀይሮ ነበር። የተተካው ሴንሰር ፍሎሪዳ ውስጥ ተጠግኖ የመጣ ሲሆን ልኬቱ በ21 ዲግሪ የተዛባ ነበር። ከተገጠመ በኋላ መደረግ ያለበት ፍተሻ በትክክል መደረጉን የሚያሳይ መዝገብ ለመርማሪዎቹ አልቀረበላቸውም፤ ማስረጃ ተብለው የቀረቡት ፎቶዎችም የሌላ አውሮፕላን ሆነው ተገኙ። የዚያኑ ሌሊት ወደ ጃካርታ የበረሩት አብራሪዎች ደግሞ የገጠማቸውን ሁሉ ሎግ ቡኩ ላይ አልዘረዘሩም። ጠዋት የተረከቡት አብራሪዎች የሚያነቡት ግማሽ ታሪክ ነበር።

ሕጉ የጥገና ዝርዝር መዝገቦች ከተፈረሙ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቀመጡ፣ የአውሮፕላኑና የዋና ዋና ክፍሎቹ የበረራ ሰዓትና የመመሪያ አፈጻጸም መዝገብ ደግሞ ዕቃው ለዘለቄታው ከሥራ ከወጣ በኋላም 90 ቀን እንዲቆዩ ያዛል። ይህ ለቢሮክራሲ ሲባል ይመስልሻል። አውሮፕላን ግን አፍ የለውም፤ ከዚህ በፊት ምን እንደሆነ የሚናገርለት ያ ደብተር ብቻ ነው። ስትጽፊ ደግሞ “ታይቷል፣ ደህና ነው” ብለሽ አትለፊ። ምን እንዳየሽ፣ በየትኛው የማኑዋል ምዕራፍ፣ ስንት እንደለካሽ ጻፊ። የእጅ ጽሑፍሽም ይነበብ፤ እናትሽ የጻፈችውን የገበያ ዝርዝር ሱቅ ወስጄ ባለሱቁና እኔ ተያይተን የቀረንበት ቀን አለ፣ አንቺም ያንን ወርሰሻል።

5. መመሪያ ሲመጣ የሌላ አገር ችግር ነው አትበይ።

አገራችን የሚበረው ኪው 400 ዓይነት በሴፕቴምበር 2007 እ.ኤ.አ. በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ዴንማርክ ኦልቦርግና ሊቱዌኒያ ቪልኒዩስ ላይ፣ ሲያርፍ የጎማ እግሩ ታጠፈ። ሁለቱም የስካንዲኔቪያው ሳስ አየር መንገድ ነበሩ። የሞተ ሰው የለም። የጎማውን እግር የሚያነሳው ማንሻ ጫፍ ላይ ያለው ጥርስ ውስጥ ለውስጥ በዝገት ተበልቶ ኖሯል። ፋብሪካው ከ10,000 በላይ በረራ ያደረጉ አውሮፕላኖች ሁሉ እስኪፈተሹ እንዲቆሙ አሳሰበ። በኦክቶበር መጨረሻ ለሦስተኛ ጊዜ ኮፐንሃገን ላይ ሲደገም ምክንያቱ ሌላ ነበር፣ ማንሻው ውስጥ ገብታ የተሰነቀረች የጎማ ቀለበት፤ ሳስ ግን በዚያው ዓይነቱን ጨርሶ ተወው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ኪው 400 የተረከበው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማለትም ሌሎች በተፈተኑበት ትምህርት ላይ ተሳፍረን ነው የጀመርነው።

ዝገት ከውጭ አይታይም፤ ቀለም ሥር፣ ጥርስ ውስጥ ይደበቃል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘንብበት በእኛ አገር ውሃ የሚገባበት ቦታ ሁሉ ላይ ባትሪሽን አብርተሽ እይ። አጭር በረራ የሚያዘወትር አውሮፕላን ደግሞ በሰዓት ሲቆጠር ወጣት፣ በመነሳትና በማረፍ ሲቆጠር ሽማግሌ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ላይ ጣሪያው አየር ላይ የተገነጠለው የአሎሃ ቦይንግ 737 በደሴት መካከል በሚደረግ አጭር በረራ 89,000 ጊዜ ያህል ተነስቶ ያረፈ ነበር። የኪው 400 ሕይወትም አጭር በረራ ነው።

የእኛም ስም ያለበት መመሪያ አለ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ባዶውን ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ ቦይንግ 787 ጀርባው ላይ ተቃጠለ። ምንጩ አደጋ ሲደርስ ምልክት የሚልከው መሣሪያ ባትሪ ሲሆን፣ ገመዶቹ ክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። የዚያ መሣሪያ ሥራ ሰው ማትረፍ ነው! ከዚያ በኋላ መሣሪያው እንዲፈተሽ ወይም እንዲነሳ መመሪያ ወጣ፤ አውሮፕላኑም በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተጠግኖ ሥራ ጀመረ።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው፣ 157 ሰው ያለቀበት ማክስ አውሮፕላን የጸና የብቁነት ምስክር ወረቀት ነበረው። ከአራት ወር በፊት ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ የወጣው አስቸኳይ መመሪያ አብራሪዎች እንዲህ ሲያጋጥም ምን እንደሚያደርጉ ነው የተናገረው፤ በአንድ ሴንሰር ብቻ ተማምኖ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋውን ሥርዓት ግን አልቀየረውም። የበረራ ብቁነት ከላይ፣ ከንድፉ፣ ካጸደቀው መሥሪያ ቤት ሊጎድል እንደሚችል ያን ቀን ዓለም ሁሉ አወቀ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማቆሙን በማግስቱ አስታወቀ፤ አሜሪካ የተከተለችው በሦስተኛው ቀን ነው። እኛ ዘንድ ማክስ ተመልሶ መንገደኛ የጫነው በፌብሩዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ መመሪያውን ፈጽሚ፤ ግን ተፈጸመ ብለሽ ዓይንሽን አትጨፍኚ። የሚደጋገም እንግዳ ነገር ካየሽ፣ ማንም ባይጠይቅሽ፣ ለአምራቹ እንዲደርስ በሪፖርት አስተላልፊ። የአምራቹ ዓይን አሶሳ ላይ የለም፤ አንቺ ነሽ።

6. ተርቧን አትናቂ።

የመስኮት ጥግ ላይ በጭቃ ጎጆዋን የምትለጥፈውን ቀጭን ተርብ ታውቂያታለሽ። በፌብሩዋሪ 1996 እ.ኤ.አ. ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ለሳምንታት ቆሞ የነበረ ቦይንግ 757 እንደተነሳ ባሕር ገባ፤ 189 ሰው ሞተ። ፍጥነት የሚለካው ፒቶት የሚባለው ቱቦ ተደፍኖ ነበር። ቱቦው ራሱ ከባሕር አልወጣም፤ መርማሪዎቹ ግን በዚያ አካባቢ የታወቀችውን የጭቃ ተርብ ጠረጠሩ። ቱቦዎቹ ከበረራው በፊት በነበሩት ቀናት አልተሸፈኑም ነበር።

ታዲያ መሸፈን ነው ትያለሽ። በጁላይ 2018 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ብሪዝበን ላይ ተርብ ስላስቸገረ የማሌዥያ አየር መንገድ ኤርባስ ፒቶቶች ተሸፈኑ፤ ሽፋኑ ሳይነሳ አውሮፕላኑ ተነሳ። በሰላም ተመልሶ ማረፉ የአላህ ሥራ ነው። መድኃኒቱም የራሱ ችግር ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ የሸፈንሽውን ሎግ ቡክ ላይ ጻፊ፣ ስታነሺም ጻፊ፣ ሽፋኖቹን ቁጠሪ።

ስለ ወፍ ብዙ አልልም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ርግብ ውጠው በሆዱ አርፎ 35 ሰው ሞቷል። ማረፊያው አጠገብ ወፍ የሚስብ ቆሻሻ መጣል የቴክኒሺያን ጉዳይ አይደለም የሚሉሽ ይኖራሉ። አንቺ ግን ላባ ወይም ደም ያየሽ ዕለት የሞተሩን ምላጮች በማኑዋሉ መሠረት ሳትፈትሺ አትልቀቂ።

7. ኮፒ ዕቃ።

ባጃጅ የሚጠግነው ጎረቤታችን “ኦርጅናሉ ውድ ነው፣ ኮፒውን ልግጠምልህ?” ይላል፣ ደንበኛውም ይስማማል፤ ቢበዛ ባምባሲ መንገድ ላይ ይቆማል። አንቺ የምትቀበዪው ዕቃ ግን ከተፈቀደለት ድርጅት የወጣ የመልቀቂያ ወረቀት ከሌለው ከነካርቶኑ ይመለሳል። በ1989 እ.ኤ.አ. ከኖርዌይ ተነስቶ ወደ ሃምቡርግ ሲሄድ 55 ሰው ይዞ የወደቀው ኮንቬየር አውሮፕላን ጅራቱን ያያያዙት ብሎኖች የተጭበረበሩ ነበሩ። አሁን ደግሞ ማታለሉ ዕቃው ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ሆኗል። በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ የለንደን ነጋዴ ድርጅት በዓለም ላይ በብዛት ለሚሠራበት የቦይንግ 737ና የኤርባስ ሞተር በሐሰተኛ ወረቀት መለዋወጫ ሲሸጥ መኖሩ ታወቀ፤ ታላላቅ አየር መንገዶች ሞተሮቻቸውን እያወረዱ ፈለጉ። ወረቀቱ አለ ብለሽ ብቻ አትመኚ፤ ቁጥሩን ከዕቃው ጋር አገናኚ፣ ከተጠራጠርሽ ወረቀቱን አውጥቷል የተባለውን ድርጅት ጠይቂ።

8. መሣሪያሽን ገብተሽም ወጥተሽም ቁጠሪ። አንድ መፍቻ ከጎደለ አውሮፕላኑ ይቆማል፤ እስኪገኝ ድረስ።

9. ሲደክምሽ ተናገሪ።

ጎርደን ዱፖንት የሚባል ካናዳዊ በ1993 እ.ኤ.አ. ጠጋኞችን የሚያሳስቱ አሥራ ሁለት ነገሮችን ዘርዝሯል፤ አሁን በየሃንጋሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኚዋለሽ። ድካም፣ ጫና፣ መዘናጋት፣ ዝምታ፣ ሁሉም አሉበት። እኔ በብዛት ያየሁት ድካምና እፍረት ሲጋጠሙ ነው። ረመዳን ላይ የቀን ፈረቃ ደርሶሽ፣ ሱሑር በልተሽ ገብተሽ፣ ከቀትር በኋላ ጉልበትሽ ሲከዳሽ “ጾም አደከማት” እንዳይሉ ብለሽ አትደብቂ። ጾምሽም ሥራሽም የሚከበረው ለኃላፊሽ ቀድመሽ ስትነግሪው ነው። ወሳኝ ሥራ ካለ በጠዋቱ ልሥራው በዪ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የሚለቀመው ሜዳ ላይ ነው።

10. ስህተትሽን አንቺው ቀድመሽ አውጪ።

እኛ ዘንድ ገመናን መሸፈን ትልቅ ነገር ነው። ለቤተሰብ መልካም፤ ለአውሮፕላን መርዝ። ጠጋኝ ሰው ከቤቱ ተኝቶ “ያንን ዳዶ አጥብቄዋለሁ?” ብሎ ቢጠራጠር፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ደውሎ ማስቆም መቻል አለበት፤ በማግስቱም ሥራውን ሳያጣ። የአደጋ ምርመራ ዓላማው መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ የቺካጎው ስምምነት አሥራ ሦስተኛ አባሪ በግልጽ ጽፏል። በወረቀት እንዲህ ነው። በተግባር ይህን የሚያከብር አለቃም የማያከብር አለቃም ይገጥምሻል። የማያከብር አለቃ ሥር ካለሽ ቦታ ቀይሪ እንጂ ልማድሽን አትቀይሪ። አንቺ ራስሽ አለቃ የሆንሽ ቀን ደግሞ ስህተቱን ሊነግርሽ የመጣውን ልጅ መጀመሪያ ወንበር ስጪው።

11. የልምድ መዝገብሽን ጠብቂ።

ተመርቀሽ ዓመታት ሳይቆጠሩ የባሕረ ሰላጤ አየር መንገዶች ይፈልጉሻል፤ የእኛ ልጆች እዚያ ብዙ ናቸው። ብትሄጂ አልቀየምሽም። ግን ሌላ አገር ፈቃድ ስትጠይቂ የሚጠይቁሽ ዲፕሎማ ብቻ አይደለም፤ የሠራሽውን ሥራ ሁሉ በቀን፣ በአውሮፕላን ዓይነት፣ በሥራው ቁጥርና በተቆጣጣሪሽ ፊርማ የተመዘገበበትን መዝገብ ነው። ዓርብ ዓርብ አስፈርሚው፤ ወር ካለፈ ተቆጣጣሪሽም ይረሳል፣ ወይ ይቀየራል። በየዓመቱ ኮፒ አድርገሽ አንዱን ለእናትሽ ላኪላት፤ ዝናብ የማይደርስበት የእንጨት ሳጥኔን ሰጥቻታለሁ።